ውዳሴ ዘ«ምንም አልነካሁም»

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ማራኪ በሚወጣው ዳገት ላይ አንዲት ቪትዝ ቆማ ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ለጉድ ነበር። ባጃጁም አይሱዙውም ሚኒባሱም ክላክስ ላይ ተኝቷል። ለምን እንደቆመች ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ታውቁታላችሁ። ኮፈኗ ተከፍቷል። አሥር የሚሆን ሰው ጭንቅላቱን ውስጥ ከቷል። ባለቤቱ እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኖ «ኧረ ምንም አልነካሁም!» እያለ ይምላል።

ተናድጄ ልጽፍ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው መኪናቸውን ራሳቸው ፈትተው «አልነካሁም» የሚሉ ሰዎች ስንት ዓመት ሲያዝናኑን ማን አመሰገናቸው? ጎንደር እኮ ሊቅ የምታከብር አገር ናት። መጻሕፍቱን ለዘለቀ መምህር «አራት ዓይና» የሚል ማዕረግ ትሰጣለች። የሞተሩን አራት ዓይና ግን እስከ ዛሬ ካባ የደረበለት የለም። እንግዲያው ዛሬ በእኔ ይብቃ።

የቪትዟ ባለቤት የሰፈራችን ሰው ነው፤ ታሪኩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ነገሩ የተጀመረው በራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ አርጅቶ ነበር። ሕመሟ ይኼው ብቻ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይታገስም፤ 93 አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውሃ ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካልያዘ ዳገት ላይ ውሃው ፈልቶ ይወጣል፣ መኪናዋ ሙቀት ትሠራለች።

ወዳጃችን አዲስ ክዳን መግዛት እንደ መሸነፍ ቆጠረው። ፌስታል አጣጥፎ ከክዳኑ ሥር ጎሰጎሰ። ፌስታል ግፊት እንደማይዝ የነገረው ሰው አልነበረም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ እንዲጥል የመከሩት ግን ሞልተዋል። «እሱ ለብርድ አገር የተሠራ ነው» አሉት። ለብርድ አገር! ታኅሣሥ ላይ ጋቢ ደርበን የምንተኛ ሰዎች ነን ይኼን የምንለው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቀዝቅዞ ይነዳል፣ ነዳጅ ይበላል። የተበላሸ ክዳን ግን አያድንም። ቴርሞስታቱም ወጥቶ ተጣለ።

ውጤቱ በሳምንቱ ታየ። ሞተሯ ጋለ፣ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ጋርኒሲዮን (ውሃና ዘይት እንዳይደባለቁ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጠለ። ውሃው ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲመዘዝ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። ጋራዥ የሚኬደው አሁን ነበር። ወዳጃችን ግን «ሌባ ሁሉ!» አለና ስልኩን አወጣ። አምስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ዘይት የለበሰ ልጅ የሚያውቀውን እሱ በአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አወቀው። ቪዲዮው በሕንድኛ ነው። የሚፈታው መኪናም ሌላ ነው። ቢሆንስ? እጅ ይታያል አይደል?

ግቢው በር ላይ ማዳበሪያ አነጠፈና ቴስታታውን አወረደ። ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ሲግል ይጎብጣል። በብዙ ሞተሮች 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት። ወዳጃችን በዓይኑ ለካው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ቀጥ ያለ ነው» አለ።

ከዚያ ማሸጊያው ሲሊኮን መጣ፤ ቀዩ። ያ ጋርኒሲዮን በደረቁ ነው የሚገባው። እሱ ግን በላይም በታችም ለቀለቀው። ይኼን ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1636 የቆረቆሩት አጼ ፋሲለደስ ግንባቸውን በድንጋይና በኖራ አሠርተው ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ሲሊኮን አግኝተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቱሪስቱ ምን ሊያይ ይመጣ እንደነበር እንጃ።

የቴስታታ ብሎን ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው የሚጠብቀው። እሱ ከዳር ጀመረ። ቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰካና የአጎቱን ልጅ ጠርቶ ሁለት ሆነው ተንጠለጠሉበት። «እስኪያቃስት ነው የሚጠብቀው» ይላል። ማን እስኪያቃስት እንደሆነ አልገለጸም።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ሥራው ሲያልቅ አራት ብሎን፣ አንድ ሮንዴላና ስሙን ማንም የማያውቀው አንድ የታጠፈ ብረት ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሱ ፈገግ አለ። «ጃፓኖች ጠንቃቃ ናቸው፤ መጠባበቂያ ጨምረው ነው የሚልኩት።» ብሎኖቹን እንዳይጠፉ ብሎ ስኳር ዕቃ ውስጥ አኖራቸው። በማግስቱ ባለቤቱ ለቡና ስኳር ልትጨምር በማንኪያ ብሎን ዛቀች።

«ይኼ የመኪናዋ አይደለም እንዴ?»

«የድሮው ነው» አላት።

የድሮው! አዲስ የገዛው ብሎን ያለ ይመስል። እሷም ምን ታድርግ፣ ጠርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ለሙከራ አዘዞ ወረደ። ቁልቁለት ላይ መቼም ሁሉም መኪና ጤነኛ ነው። አዘዞ ቡና ጠጥቶ፣ «በነፃ ሠራኋት» ብሎ አስወርቶ ተመለሰ። ዳገቱ ሲጀምር ቀዩዋ የዘይት መብራት በራች። ያቺ መብራት ስትበራ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደረገው፤ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት። እሱ «ሶኬቷ ነው» አለ። ቀጥሎ ከሥር ኳ ኳ ኳ የሚል መጣ። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ስትቆም ጉባኤው ተዘረጋ። ቃሉን «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚፈታው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አንድምታው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ የኖረው ጎንደር ነው፤ ትውፊቱ ኮፈን ሥርም አልጠፋም። ላይ ቤቶች «ነገሩ ከላይ ነው፣ ቴስታታው ነው» አሉ። ታች ቤቶች «የለም ከታች ነው፣ ብሮንዙን በልቶታል» አሉ፤ ብሮንዝ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት ነው። አንድም እሳት የሚለኩሰው ካንዴላው ነው። አንድም ቤንዚኑ ውሃ አለበት። አንድም የሰው ዓይን ነው። አንዱ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ተክሎ፣ የጠፋ ሞተር፣ በጥሞና ያዳምጣል። እንቁላል አስኳሉን ለይተህ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምርበት ያለም አለ።

ሁሉን የሚያስማማ አንድ አዝማች ብቻ ነበር። «እስኪ አስነሳት እንስማት!» አስነሳት። ኳ ኳ። «እስኪ ድገማት!» ዘይት ያልደረሰው ሞተር በተነሳ ቁጥር ብረት ብረትን ይፈጫል። ጉባኤው ባስነሳት ቁጥር የጋራዡ ሒሳብ እየጨመረ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ግን «ምን ፈትተህ ነበር?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ነውር ነዋ!

ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ በመጀመሪያ የጠየቀው ይኼንኑ ነው።

«ወንድሜ፣ ምን ነክተሃል?»

«ምንም።»

ሰውዬው በአንድ አፍ ሊነግረው የሚችለውን መካኒኩ ሁለት ቀን ሲፈልግ ዋለ። አላስነሳትም፤ በመጀመሪያ ዘይቱን አወረደ። ዘይቱ ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ የብሮንዝ ፍቅፋቂ ነው። ካንዴላዎቹን ፈታ። ሦስቱ ጠቁረዋል፣ አንዱ ታጥቦ የተወለወለ ይመስላል፤ በዚያ ሲሊንደር ውሃ እየገባ ነበር ማለት ነው። ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለካ፤ እሱም እዚያው ሲሊንደር ላይ ወርዷል። በመጨረሻ ከሥር ዘይቱን የሚይዘውን ኮፓ አውርዶ የዘይት ፓምፑን ማጥለያ አወጣ። ቀይ ሲሊኮን ተጠቅልሎ አፉን ደፍኖታል። ዘይት ሽቅብ ያልወጣው ለዚህ ነው። መካኒኩ በጣቱ ቆንጥሮ አሳየው። ወዳጃችን ዓይኑን ሳያሽ «ከፋብሪካው ነው» አለ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ሰውዬው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «በእግሯ አስገብቼ ሞተሯን ጨረሱብኝ» ብሎ ሰው ሰበሰበ። ጣቱን የቀሰረው ዋናው መካኒክ ላይ አይደለም፤ እሱ ይመልስለታላ። የቀሰረው ብሎን የሚያጥበው ልጅ ላይ ነው። ሞተሩን በእጁ ያልነካ፣ ከገጠር መጥቶ ሙያ የሚለምድ ልጅ። ልጁ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልነበርኩም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። በመጨረሻ ግርግሩ እንዲበርድ ተብሎ ከልጁ ደመወዝ ተቆረጠ። ይኼ ቂልነት ብቻ አይደለም። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ግፍ ነው። ገንዘብ አጥሮህ ራስህ ሞከርክ፣ አልተሳካልህም፤ ማን ይፈርድብሃል? ያጠፋኸውን በደሃ ልጅ ማላከክ ግን ሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል ነበር። የዛሬው ደብቆ ሐኪሙን ይከሳል።

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርን።

ራሱ ዘይትና ካንዴላ የሚቀይረውን ሰው እየነካሁ አይደለም። የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ሌባ መካኒክም የለም አልልም። እኔ የማደንቀው ሞተር ወርዶ፣ ብሎን ተርፎ፣ ሲሊኮኑ በእጅ ተይዞም ከ«ምንም» ፍንክች የማይለውን ነው። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው ሰው ሽምግልና ላይ ቢቀመጥ ስንት ነገር በፈታ!

ወዳጃችን «ሞተር ይውረድ» ሲባል ዋጋውን ሰምቶ መኪናዋን ይዞ ወጣ። ኳኳታውን ለጊዜው እንዲያለዝብለት ወፍራም ዘይት ሞላባትና ማስታወቂያ ለቀቀ። «ቪትዝ። ሞተሯ ያልተነካ። በጥንቃቄ የተያዘች። ገዝተው ምንም የማያወጡባት። ዋጋ በድርድር።»

ገዢ ተገኝቷል፤ ከባሕር ዳር ዛሬ ጠዋት ተነስቷል። ጉባኤው ግቢው በር ላይ ተሰብስቧል። ላይ ቤቶች «ሞቃ ትጠብቀው፤ በብርድ ስትነሳ ነጩን ጭስ ያይብናል» ይላሉ። ታች ቤቶች «የለም፣ ቀዝቅዛ ትቆየው፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ኳኳታው ይሰማል» ይላሉ። ሰውዬው ወረታን አልፌአለሁ ብሎ ደውሏል፤ እነሱ ገና አልተስማሙም።