አረንጓዴው ንጣፍ እብነ በረድ አይደለም

ስለ ካዛንችስ ሕንፃዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በመግቢያቸው ላይ የሚነጠፈውን አረንጓዴ ድንጋይ «እብነ በረድ» ብሎ አልፎታል። የገበያ ስሙ ነው እንጂ አብዛኛው ሰርፐንቲናይት ነው፤ ሰርፐንቲን በተባለ ማዕድን የተሞላ ድንጋይ። ፔሪዶታይት የሚባለው የጥልቅ ምድር ድንጋይ ከ500 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ውሃ ሲያገኘው በውስጡ ያለው ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ወደ ሰርፐንቲን ይለወጣል፤ ከሰርፐንቲኑ ክብደት 13 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። አብሮ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ስለሚፈጠር በክር የተንጠለጠለ ማግኔት ብዙ ጊዜ ይሳባል። ኮምጣጤ ጠብ ቢደረግበት አረንጓዴው ዝም ይላል፤ አረፋ ቢወጣ ከነጩ የካልሳይት (የእውነተኛው እብነ በረድ ማዕድን) ጅማት ነው።

ልዩነቱ ኪስ ይነካል። ስስ ንጣፍ በሲሚንቶ ወይም በውሃ በሚበጠበጥ ማጣበቂያ ሲለጠፍ ጀርባው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፊቱ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ጠርዙ ይቆለመማል። ያኔ የሚወቀሰው አንጣፊው ነው፤ ምስኪን! መድኃኒቱ በደንብ በደረቀ ወለል ላይ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ፣ ማለትም በውሃ የማይበጠበጥ ማጣበቂያ ነው፤ መገጣጠሚያውም በዚያው ቢሞላ ይመረጣል። ደግሞ በደረቁ በግራይንደር አትቁረጡት። አንዳንዱ ክሪሶታይል የተባለ የአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን) ዓይነት ስላለበት ውሃ እያፈሰሱ፣ ተገቢ ጭንብል አድርጎ ነው። የሀገር ውስጡን ለሚፈልግ፣ ድንጋዩ በአዶላ አካባቢ አለ።