ሒሳብን በቴሌብር ለሚያስጠኑ ወላጆች የቀረበ ምስጋና

ፋሲካ አልፎ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቃረቡ መወራት ሲጀምር በየቤቱ የሚታየውን ትጋት ተመልክቶ ዝም ማለት ንፉግነት ነው። ወላጅ በልጁ ሒሳብ ላይ እንዲህ የተረባረበበት ዘመን ከዚህ በፊት አልነበረም። ርብርቡ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ እራት ተነሥቶ ዜናው ካለቀ በኋላ ነው። አባት ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲከፍት «የሒሳብ ጭንቀት ቀረ! ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን በ30 ቀን እንጨርሳለን፤ የቀሩት 7 ቦታዎች ብቻ ናቸው!» የሚል የቴሌግራም የጥናት ቻናል ማስታወቂያ ይገጥመዋል፤ ደንገጥ ብሎ ቀና ይላል፤ ክፍያውን በቴሌብር ይልካል፤ የላከበትን ስክሪንሾት ለአድሚኑ ያስተላልፋል፤ አድሚኑም «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ከፋዮች ብቻ የሚገቡበትን የቪአይፒ ግሩፕ ሊንክ ይሰድለታል። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው እንደሚይዝና 7 ቦታ ብቻ ይቀረው ዘንድ ግማሽ ከተማ መግባት እንደነበረበት ማስላት የአባት ሥራ አይደለም። አባት ያችን ሌሊት ለጥ ብሎ ይተኛል። ልጁ ስለ ጉዳዩ ገና አልሰማም።

የቀድሞው ወላጅ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበረ ለማስታወስ ያህል፣ እርሱ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሆኖ ሳለ «እስቲ ደብተርህን አምጣ» የሚል ደፋር ሰው ነበር። የተጻፈው ምን እንደሆነ ባይገባውም በቀይ እስክሪብቶ የተደረገውን ምልክት ይቆጥራል፤ ራይቱ ሲበዛ ፊቱ ይፈታል፣ ኤክሱ ሲበዛ ደግሞ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ሒሳብ ለማስረዳት ሲታገል ሳያስበው ነገሩ ለራሱ ግልጽ ይሆንለት ነበር። ይህ አሠራር ጊዜ ይፈጃል፣ ወላጅን ከዜናው ያስቀራል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ደረሰኝ የለውም። የዛሬው ወላጅ ማስረጃ በእጁ ነው። እናት «ለመሆኑ ለልጁ ምን አደረግህለት?» ስትለው፣ ለቅሶ ቤት የተገናኘ ዘመድ ስለ ፈተናው ሲጠይቀው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የብሩ መጠን የተጻፈበትን ስክሪንሾት አውጥቶ ማሳየት ይችላል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ያሉት አባቶች መንገዱ በሊንክ እንደሚላክ ባያውቁም ነገሩን ቀድመው ዐይተውታል።

ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ የመጣ እንዳልሆነ መመስከር አለብኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞች ስልካቸውን ትተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ይህ ሲነገር አገር አንገቱን ደፋ፤ የቻናል ባለቤቶች ግን ቀና አሉ። ትምህርት ቤቶች ለምን እንዲህ ሆኑ የሚለውን ጥያቄ አንሥተው ሕዝብ ከማሰልቸት ይልቅ ቁጥሩን በቀይ ቀለም አጉልተው፣ ከሥሩ የስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው ለጠፉት። በእኔ እምነት በዚህች አገር ላይ የፈተና ስታቲስቲክስን የእነርሱን ያህል በሥራ ላይ ያዋለ አካል የለም።

ሒሳባቸው ግን ከዚህም ይመጥቃል። «ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን 95 በመቶው አልፈዋል» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ ወላጅ አይኖርም። እስቲ በአክብሮት እናስላው። አንድ ቻናል 5,000 ከፋይ ተማሪ አለው እንበል፤ 95 በመቶው ካለፈ 4,750 ተማሪ አሳለፈ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ቻናሎች አሥር ቢሆኑ 47,500 ይሆናል። በ2017 በመላ አገሪቱ ያለፈው ተማሪ ወደ 49 ሺህ ገደማ ስለሆነ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ፣ የግል ትምህርት ቤቶቹና በየገጠሩ በኩራዝ ያጠኑት ሁሉ ተደምረው የደረሳቸው 1,500 ቦታ ብቻ ነው። ቻናሎቹ ደግሞ አሥር ብቻ አይደሉም። ምሥጢሩ የሚፈታው ከመቶ ተማሪ ስንቱ ውጤቱን ለአድሚኑ እንደነገረ ሲጠየቅ ነው፤ ያለፈ ልጅ ምስጋና ይጽፋል፣ የወደቀ ልጅ ግሩፑን ትቶ ይወጣል፣ መቶኛውም ከቀሩት ላይ ይሰላል። የመቶኛ ትምህርት ታች ክፍል የሚሰጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለልጁ የሒሳብ እርዳታ የሚገዛ ወላጅ ይህችን ጥያቄ ቢጠይቅ ግን ገበያው ይቀዘቅዛልና አለመጠየቁ ከቸርነት ይቆጠርለታል።

ስለ ቪዲዮዎቹ ጥራት ደግሞ ጥቂት ልበል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት እየመጣ፣ የማናውቃቸው መምህር በማናውቀው ቅላጼ «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ብለው እስክሪብቷችንን ሳናነሣ መልሱን አሳይተውን ያልፉ ነበር። ያኔ ሁላችንም የተመኘነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አቁሞ መመለስ። አዲሱ ቴክኖሎጂ ይህን ምኞት ፈጸመ፤ ቪዲዮውን ማቆም ይቻላል፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ልጆቻችንም ይህን ዕድል አግኝተው ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ያዩታል። እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ ጥያቄው ላይ ሲደርስ አቁሞ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ሲሳሳት የት ላይ እንደሳተ የሚፈልግ ልጅ ቢገኝ ከእነዚህ መምህራን ብዙ ሊያገኝ እንደሚችል አልክድም፤ ጎበዞች አሉባቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ልጅ ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ቢተውም ስለሚማር ከደንበኛነት አንጻር ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ደንበኛ የሚያፈራው «ሾርትከት» ነው። ለምሳሌ ያህል በሊሚት ጥያቄዎች ላይ ከሁሉ የተወደደውን «ሎፒታል» የተባለ ዘዴ እንውሰድ። ከላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ 2 ተሰጥቶ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ምን ይሆናል ቢባል፣ የትምህርት ቤቱ መምህር «ፋክተር አድርጉ፣ አጣፉ፣ ተኩ» ብለው ሰሌዳ ይሞላሉ። የቪአይፒው መምህር ግን «ከላይም ከታችም ዴሪቬቲቭ ውሰድ፣ 2ን ተካ፣ 4! ዐሥር ሰከንድ!» ይላሉ። መልሱ ልክ ነው፤ ልጁ ይደሰታል፣ አባትም ከወዲያኛው ክፍል «ዐሥር ሰከንድ» የሚለውን ሰምቶ ብሩ በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል። በማግስቱ ልጁ ከላይ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 3፣ ከታች ኤክስ ሲደመር 2 ያለበት፣ ኤክስ ወደ 1 የሚጠጋበት ጥያቄ ይገጥመዋል። በባዶ እጁ 1ን ቢተካ 4 ለ3 ያገኝ ነበር፤ እርሱ ግን የተከፈለበት ተማሪ ነውና ዴሪቬቲቭ ወስዶ 2 ያመጣል። ዘዴው የሚሠራው ከላይም ከታችም ዜሮ፣ ወይም ከላይም ከታችም ኢንፊኒቲ ሲመጣ ብቻ መሆኑ በቪዲዮው ላይ ተነግሮ ሊሆን ይችላል፤ በእጥፍ ፍጥነት ግን እንዲህ ያለች ዐረፍተ ነገር አትሰማም። ጥያቄ የሚያወጡት ሰዎችም የዋህ ስላልሆኑ 2ን ከአማራጮቹ መካከል አስቀምጠው ይጠብቁታል።

ይኸው ልጅ አንድ አራተኛና አንድ ሦስተኛ ደምር ቢባል ሁለት ሰባተኛ ይላል። ችግሩ ያለው እዚያ ነው፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በፊት የተከፈተች ቀዳዳ ናት፣ ሎጋሪዝሙም ሊሚቱም የሚፈስሰው በእርሷ በኩል ነው። ይህችን ቀዳዳ ለማግኘት አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ አብሮ ተቀምጦ ልጁ ሲሠራ ማየት ይበቃል፤ ማንም ተራ ሰው ብርቱካን ከፍሎ ሊያሳየው የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ግኝት ቤተሰብን ያስደነግጣል፣ «12ኛ ክፍል ድረስ እንዴት መጣ?» የሚል የማይመች ጥያቄ ያስነሣል፣ ጥያቄውም ከትምህርት ቤቱ ጀምሮ እስከ ሶፋው ድረስ ይዘልቃል። አስተዋይ ወላጅ ስለዚህ ሎፒታልን መርጧል።

መምህሩንም ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቀን በስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ «ይህን ቤታችሁ ጨርሱት» ብሎ ያለፈው ጥያቄ ማታ በቪአይፒው ላይ በሦስት ቀለም፣ በእርጋታ፣ እየሣቀ ሲያብራራው ሰው ተለውጧል ያሰኛል። የመምህርን ደመወዝና የቤት ኪራይን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያየ ሰው እንደማይፈርድበት እኔም አልፈርድበትም። የምደነቀው በወላጁ ነው፤ ቀን ስለ ተዘለለው ጥያቄ ትምህርት ቤት ሄዶ መጠየቅ ሲችል ማታ በድጋሚ የሚገዛው፣ ለግል ትምህርት ቤት በየወሩ ከከፈለ በኋላ እንኳ «ትምህርት ቤት ምን ያስተምራል ብለህ ነው!» ብሎ ሁለተኛውን ክፍያ በደስታ የሚፈጽመው ይህ ወላጅ፣ አንድን ትምህርት ሁለት ጊዜ የመግዛት ባህልን በአገራችን መሠረት ያስያዘ ሰው ነው።

የባሕር ማዶ ቤተሰብ ድርሻም ቀላል አይደለም። ዱባይ ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አክስት «ልጁ ሒሳብ ከበደው» የሚል የድምፅ መልእክት ሲደርሳት ከወር ደመወዟ ቆርጣ ትልካለች፤ ዋሽንግተን ያለው አጎት ደግሞ ከላከ በኋላ በየሳምንቱ «እንዴት ነው፣ እየተማረ ነው?» ብሎ ይደውላል። መልሱ ምንጊዜም «ኧረ ተመስገን፣ ጎበዝ ሆኗል» ነው። ምን እንደተማረ ያልጠየቀ ዘመድ ምን እንዳልተማረ አይነገረውም፤ ስልኩም በሰላም ይዘጋል።

ክረምቱ አልፎ ውጤት ሲለቀቅ የቻናሎቹ ሠርግ ነው። ከ600 ከ550 በላይ ያመጡ ልጆች ፎቶ በአበባ ታጅቦ ይወጣል፤ አንዳንዴ አንዱ ልጅ በሦስት ቻናል ላይ «የእኛ ፍሬ» ሆኖ ይታያል፣ ሦስቱንም ስለ መከታተሉ የሚጠይቀው የለም። 300 ያልሞላላቸው ቤቶች ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ የወላጆቻችን ጨዋነት ተወዳዳሪ የለውም፤ ልጁ ያልተሳካለት አባት ቻናሉን አይወቅስም፣ ገንዘቡንም አይጠይቅም። እንዲያውም ጎረቤቱ ምክር ሲጠይቀው «መምህሩ ግሩም ናቸው፤ የእኔው ልጅ ነው የሰነፈው» ብሎ ሊንኩን ይልክለታል፣ ምክንያቱም ቻናሉ ከንቱ ነበር ካለ እርሱ ራሱ በእነዚያ ወራት ምን ሲሠራ እንደነበር ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ትክክል ነበር፣ መምህሩም ትክክል ነበሩ፣ አባትም ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ምዝገባው ከሁሉ በኋላ በሰማው ልጅ ላይ ያርፋል።

አድሚኑ ግን ማንንም አይጥልም። ውጤቱ በተለቀቀ በሳምንቱ «የሬሜዲያል ሒሳብ ምዝገባ ተጀምሯል፤ የቀሩት 7 ቦታዎች ብቻ ናቸው» የሚል መልእክት ይመጣል። አባትም እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ስልኩን ያነሣል፤ ታናሽየው ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ስለሆነ ለወንድማማቾች ቅናሽ እንዳለ በዚያው ይጠይቃል።