ወረራ የሌለው ሰንጠረዥ ሰንጠረዥ አይደለም

ደሴ ላይ የወጣቶች የሰንጠረዥ፣ የአገራችን የጥንቱ ቼዝ፣ ውድድር የሚያሰናዱት ሰዎች ሰሞኑን ባወጡት ደንብ ወረራን፣ ማለትም ሁለቱም ያለ ተራ ጠጠር የሚያንቀሳቅሱበትን የጨዋታውን መክፈቻ፣ ሰርዘዋል። ጨዋታው ከመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ ጀምሮ እንደ ቼዝ ተራ በተራ ይሁን ብለዋል። ምክንያታቸው «እጁ የፈጠነ ያሸንፋል፣ ጭቅጭቅም ይበዛል» የሚል ነው።

ከሁለቱ ደካማው የእጅ ፍጥነቱ ነገር ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ተራውም የተበላበት ሰው ይሆናል። ቸኩሎ የገባ ፈረስ ጠባቂ ያለው መደቅ (የቼዙ ወታደር) ቢበላ ወዲያው ይበላል። ፈረስ ሰጥቶ መደቅ መውሰድ ኪሳራ ነው!

ፍጥነት የሚጠቅምበት አንድ ቀዳዳ አለ፣ እሱንም ደንብ አውጪዎቹ አላዩትም። በመነሻው አሰላለፍ ንጉሡ፣ ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝና በጥጎቹ የሚቆሙት ደሮች ስድስቱን መደቆች ይጠብቃሉ። በሁለቱ ፈረሶች ፊት የቆሙት መደቆች ግን ጠባቂ የላቸውም፤ ከፈረሱ ጎን የሚቆመው ሳባ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል እንጂ አጠገቡ ያለውን አይነካም። ስለዚህ አንድ ፈረስ በአራተኛው ዝላዩ ትይዩ ካለው ፈረስ ፊት ያለውን መደቅ በነጻ ሊወስድ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ወረራውን የሚዘጋው የመጀመሪያ መብላት ተጋጣሚው በተነሣባቸው ሁለት ረድፎች ውስጥ አይሁን። በቃ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። ለዚህ ብሎ ወረራን መሰረዝ ግን ጨዋታውን መግደል ነው።

ለምን መግደል እንደምለው የጠጠሮቹ አካሄድ ይመስክር። ፈርዝ የቼዟ ንግሥት አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። መደቅ በመጀመሪያው እርምጃውም ሁለት ቤት አይራመድም። ሳባ ዕድሜውን ሙሉ የሚረግጠው ከ64ቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው፤ አራቱ ሳባዎች ተደምረው እንኳ 32 ቤት ይነካሉ፣ አንዱም ሌላውን መብላት አይችልም። እንዲህ ባለ ጦር ስምንቱን መደቆች አንዳንድ ቤት ለማስጠጋት ስምንት ተራ፣ ፈረሶቹንና ሳባዎቹን ለማውጣት ሌላ አራት ተራ ይሄዳል። አንድም ጠጠር ሳይነካካ በሁለቱም ወገን 24 እንቅስቃሴ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቼዝ ሰዓት ሲያስቀምጡበት ሰዓቱ የሚያልቀው በሰልፍ ነው፤ ዋናው ውጊያ በሩጫ ይሆናል። እጅ የፈጠነ ያሸንፋል ብለው የፈሩት ያኔ ይመጣባቸዋል። የቀድሞ ተጫዋቾች ወረራን ያቆዩት ጨዋታው ይህን ስለሚፈልግ ነው።

ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት ማስፈለጉ ያሳዝናል። በ1888 ዓ.ም. የምኒልክ አዋጅ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ እንዲከት ሲያዝ፣ ጣልያን በሰሜን በኩል ተራውን እየጠበቀ አልተቀመጠም። ጦር ሲከት ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይከታል። ሰንጠረዥ የጦርነት ጨዋታ ከሆነ ይህን መያዝ አለበት፤ የሚይዘውም በወረራ ነው።

ጭቅጭቁን ዳኛ ይጨርሰዋል። ተጫዋቹ በአንድ እጅ ብቻ ይጫወት፤ ሁለት እጅ ሲገባ ነው ጠጠር የሚወድቀው። እንቅስቃሴው የሚቆጠረው ጣት ከጠጠሩ ሲነሣ ይሁን። በወከባ መሀል ያላግባብ የዘለለ ጠጠር ወደነበረበት ይመለስ፣ ወረራው እስኪያበቃም አይነካ። ሁለቱ እኩል ከበሉና ዳኛው ካልለየ ሁለቱም ይመለሱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማንም ካልበላ ዕጣ ተጥሎ ወደ ተራ ይገባ። ይህ ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ስለ ነጥቡም ልጨምር። በሰንጠረዥ ወግ በደር ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ) ብዙ አያስመሰግንም፤ በሳባ፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የተሰጠው ነው የሚወደሰው። አዲሱ ደንብ ሁሉንም እኩል አንድ ነጥብ ሰጥቷል። በደርና በፈረስ ለሆነው አንድ፣ በሌሎቹ ለሆነው ሁለት ይሰጥ። ብቻውን የቀረ ንጉሥም ማት አይባልምና ጨዋታው እዚያ ላይ አቻ ተብሎ ይመዝገብ። የዙሩ ዕጣ ገና ስላልወጣ ደንቡን ለማረም ጊዜ አለ።