ማስተካከያ፦ ሐርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም

«ኢንቨስትመንት ባንክ መሥራት የሚፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሐርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ያመልክት» የሚለው ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተ ምክር የተሳሳተ ነው። ትምህርት ቤቱ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) እና ዶክትሬት እንጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም፤ ይህን የራሱ ድረ ገጽ ያሳያል። ስሙ የገነነው በኤምቢኤው ስለሆነ መምታታቱ አያስገርምም።

ከ12ኛ ክፍል ማመልከት የሚቻለው የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚሰጠው ለሐርቫርድ ኮሌጅ ነው። እዚያ የቢዝነስ ትምህርት ክፍል የለም፤ ዎል ስትሪትን (የኒውዮርኩን የፋይናንስ ማዕከል) የሚያልሙ ብዙዎቹ ኢኮኖሚክስ ያጠናሉ። ቢዝነስን በመጀመሪያ ዲግሪ ከሚሰጡት መካከል የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ዋርተን፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርንና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሮስ ይገኛሉ። ዋርተን የሚፈልግ ደግሞ ከማመልከቻው ጀምሮ ዋርተንን መምረጥ ይኖርበታል፤ «ገብቼ አስብበታለሁ» አያዋጣም።

በማመልከቻ ድርሰቱ ላይ የሌለ ፕሮግራም የጠቀሰ ተማሪ ሳያጣራ እንደጻፈ ወዲያው ይታወቅበታል። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ግን ዋናው ልዩነት ገንዘቡ ላይ ነው፦ በዩኒቨርሲቲዎቹ የቅበላ መመሪያ መሠረት ሐርቫርድ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅን ለውጭ ዜጋም ቢሆን በቅበላ ውሳኔው ግምት ውስጥ አያስገባም። ፔንሲልቬንያ ግን ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ውጭ ላሉ አመልካቾች ግምት ውስጥ ያስገባል።