ከ24 አንድ ወይስ ከ13 አንድ?

የሦስት ሰዎች ቡና በእጅ ወፍጮ ጉዳይ ቀዘቀዘ። ያውም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ ወፍጮ። ያኔ ጭሰኛው በጌታው ወፍጮ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር፤ ለክፍያም ከእህሉ ላይ ከስንት አንድ እየተባለ ይቆነጠርበታል።

የሒሳብ ሠራተኛው ነው ነገሩን የጀመረው። «ባለጉልቱ ገበሬውን በወፍጮ ዘረፈው ትላላችሁ። እስቲ እናስላው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በዓመት 8 ቡሽል እህል ቢይዝ 40 ቡሽል ይፈልጋል። የስንዴ ቡሽል 27 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ በቀን 3 ኪሎ ይደርሳል። በእጅ ወፍጮ ሴትየዋን በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። የውሃ ወፍጮው ከ16 አንድ ቢወስድ በዓመት 2 ቡሽል ተኩል ነው። ይኼ ዝርፊያ ነው?»

«ከ16 አንድ ነው ያለህ ማን ነው?» አለች የታሪክ መምህርቷ። «በደቡብ ከ24 አንድ የሚያስከፍል ነበር፤ ወደ ሰሜን ስትሄድ ከ13 አንድ ታገኛለህ። ደግሞ የምትቀንሰው ከምን ላይ እንደሆነ እይ። አንድ ዘርቶ አራት የሚያፍስ ገበሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን አሥራቷን የምትወስደው ዘር ሳይነሳ፣ ገና ከነዶው ነው። አንዱን ለከርሞ ዘር አስቀምጥ። እጁ ላይ የሚቀረው 2.6 ነው። ባለወፍጮው የሚቆነጥረው ከዚያ ላይ ነው፤ የባለጉልቱ ግብር ገና አልተነሳም።»

ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት የጨረሱት ጋሼ ሁለቱንም ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። «ከስንት አንድ የሚለውን ተዉትና ስፈሪያውን ጠይቁ» አሉ። «ቁልል ነው ወይስ አፉ በእንጨት የተጠረገ? አፈ ሰፊና አጭር ዕቃ ከሆነ ቁልሉ ብዙ ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ከ24 አንድ ተጽፎ እጅ ላይ ከ18 አንድ ሊሆን ይችላል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ሌባ አደረጉት!» አለ ሒሳብ ሠራተኛው።

«ሌባ አላልኩም፤ ስፈሪያ ነው ያልኩት። ድንጋዩም አለ። ላይኛው ይዞራል፣ ታችኛው አይነቃነቅም። የተወቀረው ቦይ ሲያልቅ እህሉን መቁረጡን ትቶ ይጨፈልቀዋል፤ ዱቄቱም ይሞቃል። ተወቅሮ ወዲያው ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የደረሰው ሰው እህል የድንጋይ ብናኝ ይዞ ይወጣል። ተራው የደሀ ከሆነ አሸዋውን የሚበላው እሱ ነው።»

ሒሳብ ሠራተኛው ይህን ለራሱ ወሰደው። ጥሩ ድንጋይ ከራይን ወንዝ አካባቢና ከፓሪስ ዙሪያ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ ግድቡን ጎርፍ ይሰብረዋል፣ በጋ ውሃው ይጎድላል፣ በብርዱ ወራት መንኮራኩሩን በረዶ ይይዘዋል። ይህን ሁሉ ወጪ ያወጣ ሰው ደንበኛው ካልተረጋገጠለት ለምን ይሠራል?

መምህርቷ የጠበቀችው ይህንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1191 በእንግሊዟ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ ኸርበርት የተባለ የቤተ ክህነት ሹም በራሱ ወጪ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። የገዳሙ አበምኔት ሳምሶን አፍርሱት አሉ። ኸርበርት ነፋስ የማንም አይደለም፣ የምፈጨውም የራሴን እህል ብቻ ነው ብሎ ቢለምን አልሰሙትም። የፈሩት የከተማው ሰው የገዳሙን ወፍጮ ትቶ ወደዚያ እንዳይሄድ ነው፤ ነፃ ሰዎች ስለሆኑ መቅጣት አይችሉማ! ኸርበርትም የአበምኔቱ ሎሌዎች ሳይደርሱ ራሱ አፈረሰው።

ወደ ሌላዋ የእንግሊዝ የገዳም ከተማ፣ ወደ ሴንት ኦልባንስም ወሰደችን። እዚያ አበምኔቱ ሪቻርድ ኦቭ ዋሊንግፎርድ፣ በሰዓት ሥራና በሥነ ፈለክ የተመሰገኑት ሊቅ፣ የከተማውን ሰው የእጅ ወፍጮ አስለቅመው በገዳሙ እንግዳ መቀበያ ክፍል ወለል ላይ አስነጠፉት። በ1381 ሕዝቡ ሲያምፅ ወለሉን ቆፍሮ ድንጋዮቹን አወጣ፤ ሰባብሮም እንደ ቡራኬ ዳቦ ተከፋፈላቸው።

እኔ ዳኛ ብሆን ሒሳቡን ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ፍርዱን ለመምህርቷ እሰጣለሁ። የውሃ ወፍጮ ለሴትየዋ በእርግጥ ጊዜ ይቆጥብላት ነበር። ግን ያን ያህል የሚጠቅም ነገር ከሆነ፣ የሰው ቤት ገብቶ ድንጋይ መልቀም ለምን አስፈለገ? ከ24 አንድ የሚያዋጣ ባለወፍጮ ከ13 አንድ ሲወስድ፣ ልዩነቱ ሁሉ የግድብና የድንጋይ ዋጋ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም፤ ገሚሱ ሌላ ቦታ እንዳይሄዱ የመከልከል ዋጋ ነው። ሌላ ቦታ ሲያስፈጭ የተያዘ ጭሰኛ በጌታው ችሎት ጥቂት ፔኒ ይቀጣል፤ በ1300 ገደማ የቀን ሠራተኛ ደግሞ በቀን 2 ፔኒ እንኳ አያገኝም ነበር። መምህርቷም ብትሆን የሴትየዋን ሰዓት ዘለለችው፤ ዓመፀኞቹ የተከፋፈሉት የመፍጨት መብት ነው፣ ፈጪዋ ግን ያው ሚስት ናት።

ሦስቱም ያላነሱት የደሀውን ድስት ነው። ገብሱንና አጃውን ከባቄላና ከጎመን ጋር ቀቅሎ ወፍራም ሾርባ ያደርገዋል። ያ እህል ወፍጮ ቤት አይደርስም፤ ከስንት አንድ ብሎ የሚሰፍረውም የለም።