የሜሪ ፒክፎርድ ፋይልና የአክስቴ ማዳበሪያ

ባለፈው ወር ልጄን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቤቨርሊ ሂልስ፣ ላ ሲየኔጋ መንገድ ላይ ነው። ከፌርፋክስ፣ ከኛው ሊትል ኢትዮጵያ፣ በእግር የሚደረስ። ስንት ዓመት በመኪና ሳልፈው ማማውን እያየሁ ቤተ ክርስቲያን ይመስለኝ ነበር። ለካ ድሮ የከተማው የውሃ ማጣሪያ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። ማርጋሬት ሄሪክ ይባላል። መግቢያ አይከፈልም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። ስለ ሴቶችና ስለ ደሞዝ የምትጽፈው ነገር ነበራትና የሜሪ ፒክፎርድን ወረቀቶች ማየት ፈለገች። እኔ ሹፌር ሆኜ ነው የሄድኩት።

ሜሪ ፒክፎርድ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ንግሥት ናት። ቶሮንቶ ተወለደች፣ በ1892፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። አባቷ በልጅነቷ ሞተ። እናቷ ሻርሎት ሦስት ልጆች ታቅፋ ቀረች። ልጅቷ ፊደል በቅጡ ሳትቆጥር መድረክ ላይ ወጥታ እንጀራ ማምጣት ጀመረች። በ1909 ፊልም ሠሪዎቹ በቀን 5 ዶላር ሲሏት 10 ካልሆነ አለች፣ አገኘችም። በ1916 በሳምንት 10,000 ዶላርና ከፊልሞቿ ትርፍ ግማሹ እንዲሰጣት ተፈራረመች። ድርድር ላይ እናቷ አጠገቧ ነበረች። በ1919 ደግሞ ከቻርሊ ቻፕሊን፣ ከተዋናዩ ዳግላስ ፌርባንክስና ከዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ጋር ሆና ዩናይትድ አርቲስትስ የሚባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመች። አካዳሚውን ራሱን በ1927 ከመሠረቱት 36 ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

መታወቂያ አሳየን። ቦርሳችንን ሎከር ውስጥ ቆለፍን። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ሳጥኑ መጣ። አንዱን ፎልደር ሳትመልሺ ሌላውን አትከፍቺም። ሠራተኛው ፎልደሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ የተኛ ሕፃን የሚያስተኛ ነበር የሚመስለው። ውሉ፣ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የሂሳብ ወረቀቱ፣ ሁሉም በየስሙ፣ በየዓመቱ ተለይቶ ተቀምጧል።

ልጄ ውሎቹ ላይ ተመሰጠች። እኔ ግን ዓይኔ የሂሳብ ወረቀቶቹ ላይ ቀረ። ሴትየዋ ከሞተች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ተቀባዩም ከፋዩም አፈር ሆነዋል። ወረቀቱ ግን አለ። ማንም መጥቶ ይህች ሴት ይህን ያህል አልተከፈላትም ማለት አይችልም። እዚያው ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። ልጄ ደነገጠች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

ምን እላታለሁ? አክስቴ ትዝ አለችኝ።

አክስቴ አዲስ አበባ፣ በአንድ ቴአትር ቤት 26 ዓመት ተውናለች። ጡረታ ስትወጣ የመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት አይቆጠሩም ተባለች። ለምን? ፋይሏ የለም። መዝገብ ቤት ጠፍቷል አሏት። «የቅጥር ደብዳቤሽን አምጪ» አሏት። ቀጣሪው ራሱ የጻፈውን ደብዳቤ! ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁለት ዓመት ተመላለሰች። አብረዋት የሠሩ ሰዎች መጥተው መሰከሩ። «ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው የምንፈልገው» ተባሉ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያጨበጨበላት ሴት አልነበረችም ተባለች።

ደብዳቤው ደግሞ ነበራት። እውነቱን ልናገር። አልጋዋ ሥር በማዳበሪያ ውስጥ አስራ ታስቀምጠው ነበር። ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የቴአትር ጽሑፍ፣ ፎቶ። እኔ ወደዚህ ስመጣ ለሽኝቱ ቤቱ ቀለም ተቀባ። ዕቃ ወጣ። ማዳበሪያውን ከባዶ ጠርሙሶች ጋር ለቁራሌው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ለኔ አሮጌ ወረቀት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰፈራችን ባለቆሎ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የአክስቴ ጽሑፍ ነው። በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሷ እጅ፣ ከዳር «እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ይላል። ዘይት ጠጥቶታል። ሮጬ ተመለስኩ። ባለቆሎዋ ሌላውን ጨርሳዋለች።

ፈረንጅ ወረቀት ጠባቂ ሆኖ ተፈጥሮ አይደለም። ይህን ደግሞ እዚያው ነው ያወቅኩት። በአሜሪካ ከተሠሩት ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች 70 በመቶው ጠፍተዋል፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት ነው። ፒክፎርድም ፊልሞቿን ላጥፋቸው ብላ አስባ ነበር። ፒክፌር የሚባለው ዝነኛ ቤቷም ፈርሷል። ግን አንድ ቦታ ላይ ይበቃል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሰበሰቡ፣ ቦታ ሰጡ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ።

እኛስ? ወመዘክር አለ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፣ የነገሥታቱ ደብዳቤና ብራናው እዚያ አለ። እግዜር ይስጣቸው። የተዋናይት የደሞዝ ወረቀት ግን እንደ ታሪክ አንቆጥረውም። በመድረካችን የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት የምትባለው አስናቀች ወርቁ በኛ አቆጣጠር መስከረም 2004 ስታርፍ ሁላችንም አለቀስን። ክራሯን እናውቃለን፣ ድምፅዋን እናውቃለን። ከሷ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንዲህ ያለ በር የከፈተች ሴት ስንት ተከፈላት? ማን ቀጠራት? ምን ብላ ተከራከረች? ከየቤታችን አልጋ ሥር ካልወጣ ይህ ከየት ይመጣል?

እባካችሁ፣ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ብቻ አታውሩ። ያቺ ሻንጣ የት ናት በሉ። ያ ካርቶን አለ ወይ በሉ። ማንም እንዳይጥለው ተማጸኑ። በስልክ ፎቶ አስነሡት።

እኔ በዚያው ሳምንት ደወልኩ። ስለ ማዳበሪያው ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እስከዛሬ አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር። «ተይ እናቴ፣ ያኔ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ከቁም ሣጥን የተረፉ 11 ፎቶዎች ነበሩ። የጎረቤት ልጅ ይዞልን መጣ። እሑድ በቪዲዮ ደወልንላትና አንድ በአንድ ለካሜራው አሳየናት። አንዱ ላይ ጥበብ ለብሳ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየች። «ቀሚሱ የኔ አይደለም» አለች። ለዚያ ምሽት ከጎረቤት የተዋሰችው ነው። በማግስቱ አጥባ፣ ተኩሳ መለሰችው። ልጄ ፎቶውን ገልብጣ ከጀርባው በእርሳስ ጻፈችው።