ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ልስጥዎት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ አንድ አዲስ ገንዘብ ለምጃለሁ። ማስቲካ ይባላል። ብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ ሁለት ብር መልስ ከቀረኝ፣ ልጁ መሳቢያውን ከፈት ዘጋ ያደርግና «ዝርዝር የለም ጋሼ፣ ማስቲካ ልስጥዎት?» ይለኛል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። «ልስጥዎት» እስኪል ማስቲካው እጄ ገብቷል።

አንድ ጠዋት ለዳቦ አራት ብር ጎደለኝ። ከኪሴ የትናንት፣ የትናንት ወዲያውን መልስ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ። ልጁ ማስቲካዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብር አይደለም!» ትናንት ብር ነበር! ከእሱ ወደ እኔ ሲመጣ ብር፣ ከእኔ ወደ እሱ ሲመለስ ማስቲካ።

ምን ይደረግ፣ አኘኩት። ከእኛ ሰፈር ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ መንገዱ አያልቅም። ሹፌሩ ያኝካል፣ ረዳቱ ያኝካል፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ፊኛ እየነፋች ጧ ታደርጋለች። ሚኒባሱ ሙሉ ያመሰኳል። ሲንጋፖር በባቡር በሮች ላይ እየተለጠፈ ቢያስቸግራት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ማስቲካ እንዳይሸጥ ከልክላለች አሉ። የእኛ ታክሲ በር በሽቦ የታሰረ ነው። ማስቲካ ቢለጠፍበት ቢያንስ በደንብ ይዘጋ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳኝክ ጠጠር መሰለኝ። አውጥቼ አየሁት። ከዓመታት በፊት ያስሞላሁት የመንጋጋዬ ሙሌት ነው። ሮዝ ማስቲካው መሐል እንደ ቀለበት ፈርጥ ጉብ ብሏል። ምላሴን ሰደድኩ። ጉድጓድ! የሰፈራችን ኮብልስቶን ተነቅሎ እንደተወው ያለ።

ሐኪሟ አፌን አስከፍታ ንግግር ጀመረች። (መልስ እንዳልሰጣት ይሆናል።) አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፣ አሲዱም ጥርስን ይሸረሽራል። ቀኑን ሙሉ ባለስኳር ማስቲካ ያኘከ ሰው ድግሱን ቀኑን ሙሉ አራዘመላቸው ማለት ነው። ስኳር የሌለው ግን ሌላ ነው፤ ከምግብ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል ቢታኘክ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቁም አሲዱን ያረክሰዋል። ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ከዛይሊቶል አሲድ መሥራት አይችሉም። «ውሻ ካለዎት ግን እንዳያገኘው፣ ለውሻ መርዝ ነው» አለችኝ። ደግሞም ማስቲካ ብሩሽን አይተካም። እናቴ ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ የወይራ መፋቂያ ነበር የምትጨርሰው፤ ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ ጎረቤት እያማች።

«መንገጭላዎንስ አያምዎትም?» አለችኝ በመጨረሻ። ያመኛል። ሲከፈት ቋ ይላል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ጉድጓዴን አስደፍኜ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ሒሳብ ልከፍል ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ብሩን ቆጥራ መሳቢያዋን ከፈተች። ዘጋች። ይህችን አውቃታለሁ።

«አምስት ብር ዝርዝር ይኖርዎታል?»

ኪሴን ዳበስኩ። ሁለት ማስቲካ። አፌ ስለማይታዘዘኝ ዝም ብዬ መስኮቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ወደ ሐኪሟ ክፍል ገልመጥ አለች። ከዚያ አንዱን ላጠችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

«በቃ፣ ተመጣጥቷል» አለችኝ።